ከበሮው አለ፣ እሷ የለችም

ለታላቅ እህቴ ለሐዲያ ዐብዱልሐሚድ፤
ባለሽበት ሜልቦርን።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ይህን ወረቀት ይዛ ከምትመጣው ከኑሀ ቀድሞ ደጃፍሽ ይድረስ። እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ጠዋት ጠዋት እጅሽን ያደነዝዝሽ የነበረው ነገር ተወሽ ወይ? የሙሰዕብ ወገብ እንዴት ሆነ? ዛሬም ያን ረጅም መንገድ እየነዳ ነው ወይስ በመጨረሻ ምክርሽን ሰማ? ልጆቹስ? እዚያ ብርዱ የሚጀምርበት ወር መሆኑን ነግረሽኝ ነበር፤ ወፍራም ልብስ አይለያችሁ። እኛ በአላህ ፈቃድ በሕይወት አለን። ሳፊያ ደህና ናት። ልጃችን ዓቢር አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳ ቁመቷ እኔን ሊያልፍ ነው። አባታችን ይበላሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ጠዋት ደጃፍ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። እዚህ ላይ ደህና ነን ብዬ መዝጋት እችል ነበር፤ በስልክ ሁልጊዜ የማደርገው እሱን ነው።

ከስንት ዓመት በኋላ ደብዳቤ ስታዪ ትደነግጪ ይሆናልና መጀመሪያ ይህን እወቂ፤ ማንም አልሞተም። ግን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ገበያው አውርቼ ዘግቻለሁ። የጎረቤታችን የሀቢባ ልጅ ኑሀ የፊታችን ማክሰኞ ወደናንተ እንደምትበር ስሰማ፣ በወረቀት ይሻላል አልኩ። በቤታችን ቋንቋ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ፤ እጄ የለመደው ግን የትምህርት ቤቱን አማርኛ ነው፣ የዕለት ማስታወሻዬንም የምጽፈው በሱ ነው። ሱቅ ዘግቼ ከመነሳቴ በፊት ማን እንደመጣ፣ ምን እንደጠየቀና ምን እንዳልኩት በደብተር የማስፈር ልማዴን ታውቂዋለሽ። ደብተሩ አሁን አጠገቤ ተከፍቷል። ያለሱ ብጽፍልሽ ራሴን አሳምሬ የማቀርብ ይመስለኛል።

ነገሩ የስፒከሩ ነገር ነው።

መስከረም ላይ አባታችንን ጆሮ ሐኪም ዘንድ እንደወሰድኳቸው ታስታውሻለሽ። ግራው ጆሯቸው ከሄደ ቆይቷል። ሐኪሙ ቀኙን መርምሮ ለብቻዬ ጠራኝና ይህም እየሄደ ነው፣ የቀሩት ጥቂት ወራት ናቸው፣ ቀጭን ድምፅ ቀድሞ ይጠፋል፣ ወፍራሙ ትንሽ ይቆያል አለኝ። በጆሮ የሚደረግ መሣሪያም ሰጠን። አባታችን ሁለት ቀን አደረጉትና «ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት አስገባችሁብኝ» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ሐኪሙ ያለኝን ቆራርጬ ነው የነገርኳቸው። እሳቸው ግን የቀረውን ከፊቴ ሳያነቡት አልቀሩም፤ ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም ብለው አንድ ነገር ጠየቁኝ። የሠርግሽን ካሴት።

ካሴቱን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሴቶቹ በትልቁ ክፍል ተሰብስበው እናታችን ከበሮ ይዛ አንቺን ስትሸኝ፣ አባታችን ደጅ ቆመው መቅጃውን በመጋረጃው ሥር አስገብተው የቀዱት ነው። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቃሉ ጠፍቷት ሳቀች፣ ሴቶቹም አብረዋት ሳቁ፣ ከዚያ ትንፋሽ ወስዳ እንደገና ጀመረችው። ከእናታችን ድምፅ የቀረን ይኸው ብቻ ነው። አባታችን ጆሯቸው ሳይዘጋ ያን ሳቅ አንድ ጊዜ አጥርተው ሊሰሙት ፈለጉ። ዕድሜዬን ሙሉ እሳቸው ሲያደርጉልኝ ኖረው እኔን የጠየቁኝ ነገር ይኸው አንድ ብቻ ነው።

መቅጃው ከተበላሸ ስለቆየ ካሴቱን ሸዋ በር ውጭ ካሉት ከሬዲዮ ጠጋኙ ከጋሽ ኪዳነወልድ ዘንድ ወስጄ ወደ ፍላሽ አስገለበጥኩት፤ ለአንቺም ያኔ ነው በቴሌግራም የላክሁልሽ። አንቺም ወዲያው ደወልሽና «ሁለት ደህና ስፒከር ፈልግላቸው፣ ለሙዚቃ የሚሆን፣ ሌላ ነገር አታብዛበት» አልሽኝ። ይህን ማለትሽን ረስተሽው ይሆናል። እኔ ጽፌዋለሁ።

አሁን ሥራዬን ላስረዳሽ፤ ካላስረዳሁሽ ጥፋቴ አይገባሽም። ፈረስ መጋላ ወዳለው ሱቄ ስፒከር ፈልጎ ለሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለማየት ነው ወይስ ለመስማት? ፊልም የሚያይ ሰው ቤቱ እንዲንቀጠቀጥለት፣ መኪናው በጀርባው በኩል እንዲያልፍለት፣ ፍንዳታው ደረቱን እንዲመታው ይፈልጋል። ለሱ አምስት ትንንሽ ሳጥንና ወፍራሙን ድምፅ የሚያጎላ አንድ ትልቅ ውፈር ያለው ሆም ቴአትር ልኩ ነው። ሙዚቃ የሚሰማ ሰው የሚፈልገው ግን የዘፋኙን ጉሮሮ ነው። ለሱ ሁለት ብቻ ይበቃዋል፣ ግን ደህና ሁለት፣ ሳጥኑ ከእንጨት የሆነ፣ ትልቅ። ሁለቱን ለያይተሽ ፊትሽን ወደነሱ አድርገሽ ብትቀመጪ ዘፋኙ መካከላቸው የቆመ ይመስልሻል። ይህን ስንት ሰው እንዳስተማርኩ አላህ ያውቃል።

ጥቅምት 6 ቀን እንዲህ ጽፌአለሁ። አንድ የሶፊ ጫት ገበሬ መጣ። ባለ መብራቱን ሆም ቴአትር በጣቱ አሳይቶ «እሱን ጠቅልልልኝ» አለ። ምን ልትሰማበት ነው ብዬ ብጠይቀው «መንዙማ ነዋ፤ ከእርሻ ስገባ ጋደም ብዬ» አለኝ። እንግዲያውስ እነዚህን ሁለቱን ውሰድ አልኩት። «አንተ ሰውዬ፣ አምስቱን ልግዛ ስልህ ሁለቱን ትሰጠኛለህ፤ ደህና ነህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከፍቼ አሰማሁት። አዳመጠና ሁለቱን አሸክሞ ወጣ። በሱቁ ውስጥ የነበሩኝ የመጨረሻዎቹ ነበሩ።

በማግስቱ ጥቅምት 7 ደግሞ እንዲህ ይላል፤ ለቤት ሆም ቴአትር ወስጄ ገጠምኩ። ሁለቱ ጽሑፎች በአንድ ገጽ ላይ ናቸው፣ አንዱ ከሌላው ሥር።

ለምን ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። በግድግዳው ምክንያት ነው። ትልቁን ክፍል አልረሳሽውም፤ ከመግቢያው ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ እናታችን የሰፋቻቸው አራቱ ስፌቶች እሷ በሰቀለችበት ቦታ፣ በዙሪያቸውም ሳህኖቿ አሉ። እንደ ወጋችን እያንዳንዱ ዕቃ ቦታ ቦታ አለው፣ ከቦታው አይነቃነቅም። ትልልቆቹ የእንጨት ስፒከሮች የሚቆሙበት ቦታ ቢኖር እዚያ ግድግዳ ሥር ብቻ ነው፤ እነሱ ሲቆሙ የታችኞቹ ስፌቶች መውረድ አለባቸው። ሳፊያን ባማክራት «የእማማን ስፌት ከግድግዳ ማውረድ እሷን ሁለተኛ ከቤት ማውጣት ነው» አለችኝ። ትንንሾቹ ሳጥኖች ግን በግንቡ ውስጥ በተቦረቦሩት መደርደሪያዎች ልክክ ብለው ይገባሉ። ሽቦው ከምንጣፉ ሥር ይሄዳል፣ እንግዳ ሲመጣም ያምራል። ዓይኔ ነው የመረጠው እህቴ። ለሌላው ሰው በጆሮ፣ ለአባቴ በዓይን መረጥኩ። አንቺን ደግሞ በስልክ «እዚያ ሆነሽ የቤቱን ግድግዳ ረስተሽዋል» አልኩሽ። አንቺም «አንተ ታውቃለህ» አልሽኝ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይህ ቃልሽ ነው፤ አውቅ ነበርና።

ጥቅምት 8 ዓርብ ነበር። ከዐስር ሶላት በኋላ አባታችን ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቆባቸውን አስተካክለው፣ ከፍ ባለው መደብ፣ በነደባው ላይ፣ በወትሮው ቦታቸው ተቀመጡ። ሳፊያና ዓቢር ከታች ተቀመጡ። ከፈትኩት። ከበሮው ሲጀምር ክፍሉን ነቀነቀው፣ ግድግዳው ላይ ያሉት ሳህኖች ተንቀጫቀጩ። አባታችን «ሳህኖቹ ናቸው እንዴ የሚዘፍኑት?» አሉና ሁላችንም ሳቅን። ድምፁን ጨመርኩት። የጨመረው ግን ከበሮው ነው። ያ ዕቃ የሰውን ድምፅ ወደ መካከለኛዋ ትንሽ ሳጥን ይልከዋል፤ እሷም ከቴሌቪዥኑ ሥር ናት። የእናታችን ድምፅ ቀጥኖ ከዚያ ወጥቶ ከታች ወደ ተቀመጡት ሰዎች ጉልበት ሄደ። እሳቸው በጎን፣ ከፍ ብለው ነው የተቀመጡት። ቀኝ እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲያልቅ እጃቸውን አወረዱና «ከበሮው አለ» አሉ። ቆይተው «እሷ የለችም» አሉ።

በዚያች ደቂቃ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ለሥራው እንግዳ አይደለሁም። ከመቀመጫዬ ተነስቼ ሪሞቱን መነካካት ጀመርኩ፣ ይስተካከላል፣ ትንሽ ይታገሱኝ አልኳቸው። እሳቸው ግን በእጃቸው እንድቀመጥ አሳዩኝና እንዲህ አሉኝ። «አትልፋ ልጄ። ዕቃው አይደለም። አንተ ይህን ሥራ የምታውቅ ሰው ነህ፣ ለአባትህ የማይሆን ነገር አታመጣም። ጆሮዬ ነው። ቀጭኑ ቀድሞ ይሄዳል ብሎህ የለ ሐኪሙ? የአላህ ቀደር ነው።»

አይደለም፣ ዕቃው ነው ማለት ነበረብኝ። አራት ቃል አይሞላም። ሳፊያና ዓቢር ያዩኛል፣ እሳቸው በኔ ላይ ያላቸውን እምነት ገና መናገራቸው ነው። ዝም አልኩ። ያን ቀን በደብተሩ ላይ «ዓርብ፤ ካሴቱን ሰማን» ብቻ ነው የጻፍኩት።

ከዚያ በኋላ አባታችን ካሴቱን አልጠየቁም። ዓቢር በጆሮ ማዳመጫ እንሞክር ብትላቸው «እሷ ሰው ሞልቶ ነው የዘፈነችው፤ እኔ ጥግ ይዤ እንደ ሌባ አልሰማትም» አሏት። በስልኬ ላሰማዎት ስትላቸው ደግሞ ተቆጡ፤ ዓቢርን ሲቆጡ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «አንድ ጊዜ አጥቻታለሁ፣ እንደገና አታሳጡኝ» አሉ። ልጅቷ አልቅሳ ወጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ።

ኅዳር 22 እሁድ ደውለሽ ነበር። ስልኩን በላውድ አድርጌ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። ስለ ልጆቹ ትምህርት ስታወሪያቸው፣ ትንሹ ጥርሱ ወለቀ ስትያቸው፣ ወዲያው «የላይኛው ነው የታችኛው?» ብለው ጠየቁሽ። ትዝ ይልሻል? የሴት ድምፅ፣ ያውም ከባሕር ማዶ፣ ከዚያች ከስልክ ቀዳዳ ሰሙ። «የሐዲያን ድምፅ ሰሙ» ብዬ ጽፌ ከሥሩ አስምሬበታለሁ።

በማግስቱ ጋሽ ኪዳነወልድ ዘንድ ሄጄ ነገሩን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው «ሆም ቴአትር? ለካሴት? ለሰው ስትመክር በከተማው ሁሉ እንሰማሃለን፤ ለአባትህ ሲሆን ማን ምላስህን ቆረጠው?» አሉኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው ባለቤታቸው እትዬ ገላነሽ የአበባ ማሰሮ ያስቀመጠችባቸውን ሁለት ትልልቅ የእንጨት ሳጥኖች አወጡ። ከኔ ዕድሜ የሚበልጡ ስፒከሮች ናቸው። እትዬ ገላነሽ «አበቦቼን የት ልታደርጋቸው ነው እንግዲህ?» ብላ ስታጉረመርም፣ እሳቸው አቧራውን ጠርገው፣ ሽቦውን ቀጥለው ፍላሹን ከፈቱ።

እህቴ፣ እናታችን በዚያ በተቃጠለ ሽቦ በሚሸት ሱቅ ውስጥ በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ቆመች። ከበሮው ከኋላዋ ነው፣ ልኩን ይዞ። ከስንኙ በፊት ትንፋሽ ስትስብ ይሰማል። ስትስቅ እትዬ ገላነሽ የማን እንደሆነች ሳታውቅ አብራት ሳቀች። ጋሽ ኪዳነወልድ አጥፍተው «ዛሬውኑ ውሰደው፤ ስለ ዋጋው ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን። የአባትህ ጆሮ እኔንም አንተንም አይጠብቅም» አሉኝ።

አልወሰድኩትም። ከሱቃቸው እስከ ቤታችን በእግር ሩብ ሰዓት ነው። ነገ በአጓጓዥ አስወስደዋለሁ ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሳስበው፣ እነዚህን ሳጥኖች ይዤ ስገባ አባታችን የመጀመሪያው ዕቃ የማይሆን እንደነበረ ያውቃሉ። ልጄ የማይሆን ነገር አያመጣልኝም ያሉትን ቃል ራሴ ላፈርሰው ነው። በዚያ ላይ ስፌቶቹን ማውረድ፣ በዚያ ላይ የሳፊያ ፊት። ቀስ ብዬ ምክንያት አበጅቼለት፣ አዲስ ዕቃ ወጣ ብዬ አስመስዬ አመጣዋለሁ አልኩ። በገበያ የለመድኩት ብልሃት ነው፤ ጊዜ ግዛ፣ ነገሩ ሲቀዘቅዝ አቅርብ። ታኅሣሥ 4 «ስፒከሩን ማምጣት» ብዬ ጽፌአለሁ። ታኅሣሥ 19 «ስፒከሩን ማምጣት፣ ዓርብ» ይላል። ጥር ውስጥ ብዙ ቦታ ላይ አለ። አንድ ቀን ላይ «ከረመዳን በፊት የግድ» ብዬ ከሥሩ አስምሬአለሁ። ሳነበው የሌላ ሰው ደብተር ይመስለኛል፤ ሥራ በዝቶበት ዕቃ ማምጣት የዘነጋ አንድ ነጋዴ።

የካቲት 12 ረቡዕ ጠዋት አባታችን ደጃፍ ተቀምጠው ሳለ ወተት የምታመጣው ሴትዮ እንደ ወትሮዋ ሰላም አለቻቸው። እሳቸው አፏን አፏን ተመለከቱ። ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ገቡና፣ ድምፃቸው ከልክ በላይ ከፍ ብሎ፣ «ሳፊያ፣ ዛሬ ከተማው ምን ሆኗል? ሰው ሁሉ ዝም ብሏል» አሉ።

በሁለተኛው ቀን ዓርብ ስፒከሮቹን አመጣሁ። ጋሽ ኪዳነወልድ ራሳቸው አብረውኝ በባጃጅ እስከ ሸዋ በር አደረሱ፣ ከዚያ ሁለት ሰዎች ተሸክመው በጠባቡ መንገድ አስገቡልን። አባታችን ሳጥኖቹን አዩ፣ ግድግዳውንም አዩ። ሳፊያ ሳትንቀሳቀስ እሳቸው ተነሱና ስፌቶቹን በገዛ እጃቸው አንድ በአንድ አወረዷቸው። «ቦታ ስጧት» አሉ። ከፈትነው። እናታችን ቤቷ ገባች። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ከሠርግሽ ቀን ወዲህ በዚያ ክፍል እንደዚያ ጥርት ብላ አልተሰማችም። ሳፊያ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች። ጋሽ ኪዳነወልድ መሬት መሬት አዩ። አባታችን የሁላችንንም ፊት ዞር ዞር ብለው ተመለከቱና «ጥሩ ነው አይደል? ከፊታችሁ ያስታውቃል» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዘወር ብለው ትከሻዬን ይዘው «አትዘን። ቀደም ብለህ ብታመጣውም ጆሮዬ ያኔውኑ ሄዶ ነበር» አሉኝ።

ለአንቺ በስልክ ጆሯቸው በድንገት ተዘጋ፣ ግን ካሴቱን ጠግበው ሰምተውት ነበር ብዬሻለሁ። አልሰሙትም። አንድ ጊዜም አልሰሙትም። ከጥቅምት እስከ የካቲት አራት ወር የሚሰማ ጆሮ ነበራቸው፤ አራቱን ወር እንደ ደንቆሮ የኖሩት እኔ ዝም ስላልኩ ነው።

አሁን ከዓቢር ጋር በደብተር ነው የሚነጋገሩት። እሷ ትጽፋለች፣ እሳቸው በአፍ ይመልሳሉ። እኔም በዚያ ደብተር ስለ ምግቡ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ማን እንደሞተና ማን እንደወለደ እጽፍላቸዋለሁ። ይህን አንዱን ነገር ልጽፍ ብዕር አንስቼ አስቀምጫለሁ። እንደ ነጋዴ ሁለቱንም ወገን መዝኜዋለሁ። ብነግራቸው አራት ወር ሙሉ ሚስታቸውን መስማት ይችሉ እንደነበር ያውቃሉ፤ ይህን አውቀው ምን ያደርጉበታል? ባልነግራቸው የገዛ ጆሯቸው እንደከዳቸው አምነው፣ እኔን እያጽናኑ ይኖራሉ። የትኛውም ወገን አይነሳልኝም። ሆም ቴአትሩን ነቅዬ ወደ ሱቅ መልሼዋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ሊገዛው ሲጠይቀኝ የተበላሸ ነው አልኩት። ደህና ዕቃ ነው እኮ። ለፊልም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ነሐሴ ላይ ስለምትመጪ ነው። ዓርብ ዓርብ ከዐስር በኋላ አባታችን ካሴቱን ያስከፍታሉ። ለሳቸው ወደ ስፒከሩ መዞር ስለማያስፈልግ ጀርባቸውን ለሳጥኖቹ ሰጥተው እኛን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ዘፈኑን በልባቸው ያውቁታል፤ በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ እየመቱ ይከተሉታል። የት እንደደረሰች የሚያረጋግጡት ግን ከፊታችን ነው፣ ይበልጡን ከዓቢር ፊት። ሳቁ ላይ ስንደርስ ዓቢር ፈገግ ትላለች፣ እሳቸው ያዩዋትና እሳቸውም ይስቃሉ። ለማየት ነው ወይስ ለመስማት እያልኩ ስንቱን ስጠይቅ ኖሬ፣ አባቴ ዘፈን የሚያዩ ሰው ሆኑ።

ትናንት ዓርብ እንዲሁ ተቀምጠን ሳለ፣ ሁለተኛው ስንኝ መካከል ላይ መብራት ጠፋ። ስፒከሩ ዝም አለ። ቀን ስለሆነ ክፍሉ አልጨለመም፣ እሳቸውም አላወቁም። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መምታቱን ቀጠለ። ዓቢር አየችኝ። መብራት ጠፍቷል ብዬ በእጄ ላሳያቸው እችል ነበር፤ እጄ አልነሳ አለኝ። ያ ክፍል ጭጭ ብሎ የጣታቸው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሦስተኛው ስንኝ ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው ዓቢርን አዩዋት። ዓቢር ፈገግ አለች። ሳፊያም ፈገግ አለች። እኔም ፈገግ አልኩ። እሳቸው ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁና እስከ መጨረሻው መትተው ጨርሰው «አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ አማረባት» አሉ።

ስትመጪ አንቺም እዚያ ትቀመጫለሽ። የተሸኘሽው አንቺ ነሽና ከሁላችንም በላይ የሚያዩት ያንቺን ፊት ነው። እንግዲህ ምን ይዘሽ እንደምትቀመጪ ከአሁኑ አስቢበት። ይነገራቸው ካልሽ እኔ ራሴ እጽፍላቸዋለሁ፣ ላንቺ አልተወውም። አይነገራቸው ካልሽም እታዘዝሻለሁ። ባለፈው «አንተ ታውቃለህ» ብለሽኝ ነበር፤ አሁን አላውቅም።

ለሙሰዕብ ብዙ ሰላምታ አቅርቢልኝ፤ ወገቡን አሙቆ ይያዝ። ለልጆቹ አንድ በአንድ ግንባራቸውን ሳሚልኝ፤ ጥርሱ ለወለቀው አዲሱ በቅሎለት እንደሆነ አያቱ ጠይቀዋል። ሳፊያ በጣም ትናፍቂኛለሽ ትልሻለች፤ ስፌቶቹን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣልሻለች፣ ስትመጪ የት እንደሚሰቀሉ አንቺ ትነግሪያታለሽ። ዓቢር እጅሽን ትስማለች። ጋሽ ኪዳነወልድና እትዬ ገላነሽ ሳያውቁሽ ሰላም ይሉሻል። ሀቢባም ኑሀን አደራ ትልሻለች።

አባታችን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠው የወረቀቱን ብዛት አይተው ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ለሐዲያ ብዬ ጻፍኩላቸው። ዱዓ አደረጉልሽ። ከዚያም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ በሹክሹክታ መስሏቸው ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ «እንዳታስጨንቃት። ኢሳም ጥሩ ስፒከር አምጥቶልኛል፣ እናትሽን በደንብ እየሰማኋት ነው ብለህ ጻፍላት» አሉኝ። ይኸው ጽፌልሻለሁ።

ወንድምሽ ኢሳም ዐብዱልሐሚድ
ሐረር፣ ጀጎል
ቅዳሜ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.